መብራት ሲጠፋ ላሚኔተሩ ውስጥ የነበሩት ፓነሎች

ሰሞኑን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ "የሶላር ፓነል መገጣጠሚያ ለመክፈት ማሽኑ ስንት ያወጣል?" ሁለቱም ከቻይና የተላከላቸውን ፕሮፎርማ ስልካቸው ላይ ይዘዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን እኔ ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ውስጥ ስሰራ ብሩ የሚያልቀው ሌላ ቦታ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ለሁለቱም በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሰራሁበት ቦታ አዲስ አበባ ዳር ያለ ትንሽ መገጣጠሚያ ነበር፣ ስሙን ልተወው። ስራ በጀመርን በመጀመሪያው ወር የሆነው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ላሚኔተር የሚባል ማሽን አለ፣ መስታወቱን፣ ኢቪኤ የሚሉትን ስስ ፕላስቲክ፣ ሴሎቹን (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ስስ ቁራጮች ናቸው) እና የጀርባውን ሽፋን ደራርበህ ታስገባለታለህ፣ እሱ ደሞ በመሃላቸው ያለውን አየር በቫኩም ይስብና በ145 ዲግሪ ገደማ እያሞቀ ተጭኖ አንድ አካል ያደርጋቸዋል፣ 15 ወይ 20 ደቂቃ ይፈጃል። አራት ፓነል ውስጥ እያለ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ወዲያው ነው የተነሳው፣ ሁላችንም ተርፈናል ብለን ነበር። ሲከፈት ግን አራቱም ላይ አረፋ፣ ምክንያቱም በዛች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ቫኩም ፓምፑ ቆሞ አየር ገብቷል። ኢቪኤ ደሞ አንዴ ከበሰለ በኋላ ተመልሶ አይቀልጥም፣ ስለዚህ ፈታትቼ ሴሉን ላውጣ፣ መስታወቱን ላድን ማለት የለም፣ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ ድረስ ተጭኖ የመጣ ዕቃ በቃ ቆሻሻ ሆነ። ማሽኑን ስታሰራ የነበረችው ልጅ ቆማ ስታለቅስ አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የሷ አልነበረም።

ጥፋቱ የዲዛይን ነው። ጠቅላላ ፋብሪካውን በዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው በሚተካ ባትሪ፣ ልሸፍን ካልክ ዋጋው አይቻልም፣ ግን አያስፈልግምም። የላሚኔተሩ ማሞቂያ ጠረጴዛ ከባድ ብረት ስለሆነ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበት ሙቀቱን ይይዛል፣ ማሞቂያው ጀነሬተር መጠበቅ ይችላል ማለት ነው። መጠበቅ የማይችሉት ቫኩም ፓምፑ፣ ቫልቮቹና ኮንትሮሉ ናቸው፣ እነሱ ደሞ ከማሞቂያው አንፃር የሚበሉት ኃይል ትንሽ ነው። እነዚህን ብቻ በተለየ መስመር አውጥተህ ዩፒኤስ ላይ ብታስራቸው ጉዳዩ አለቀ። እኛ ይሄን ያደረግነው ስንት ፓነል ከጣልን በኋላ ነው፣ ሽቦው ገና ሲዘረጋ ቢታሰብበት ኖሮ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ሌላው ማንም ሻጭ የማይነግርህ የከፍታ ነገር ነው። ላሚኔተር ፓነሉን በምን እንደሚጫነው ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ማሽኖች ከታች አየሩን ይስቡና ከላይ ባለው የጎማ ሽፋን ላይ የውጪውን አየር ይለቁበታል፣ የሚጫነው የከባቢው አየር ግፊት ራሱ ነው። ማሽኑ የተሞከረው ባህር ጠለል አጠገብ ባለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ደሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ያለው የአየር ግፊት የዛ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በማኑዋሉ ላይ በተጻፈው ሰዓትና ሙቀት ብትሰራ ዳር ዳሩ በደንብ ሳይጣበቅ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ አይታይም፣ ከዓመታት በኋላ ግን ዝናብና እርጥበት ገብቶ ደንበኛው ጣሪያ ላይ ይበላሻል። እኛ እየላጥን ጥንካሬውን እየለካን ሰዓቱን አስረዘምነው፣ ሰዓት ሲረዝም ደሞ በቀን የሚወጣው ፓነል ይቀንሳል። ከመጀመሪያውኑ ከላይ በኮምፕሬሰር ተጨማሪ ግፊት የሚሰጥ ማሽን ማዘዝ ይሻል ነበር። ናፍጣ ጀነሬተሩም እንደዛው ነው፣ ከፍታ ላይ የተጻፈበትን ኪሎዋት አይሰጥም፣ አስልታችሁ ከፍ ያለ ግዙ።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። 550 ዋት ፓነል ብንል በዓመት 100 ሜጋዋት ማለት 180 ሺህ ፓነል ገደማ ነው፣ በ300 የስራ ቀን ሲካፈል በቀን 600። መገጣጠሚያ ላይ ትልቁ ወጪ ጥሬ ዕቃው ነው፣ ማሽኑም ደሞዙም ከሱ በኋላ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከመቶ ሁለት ሦስት ፓነል መጣል የሚባለው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የትርፉን ብዙውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሴሉ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ የሚያሳየውን ካሜራ፣ ኢኤል የሚሉትን፣ ከላሚኔተሩ በፊት አድርጉት የምለው። በሴሎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው በዓይን የማይታይ ብርሃን ይሰጣሉ፣ የተሰነጠቀው ጋ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከላሚኔተሩ በፊት ካየኸው አንድ ሴል ነቅለህ ትቀይራለህ፣ በኋላ ካየኸው ሙሉ ፓነል ጣልክ። አንዳንዱ ብር ለመቆጠብ መጨረሻ ላይ ብቻ ያስቀምጠዋል፣ እኔ አንድ ብቻ መግዛት ከቻልኩ በፊት ነው የማስቀምጠው።

"ለምን ሴሉንም እዚሁ አንሰራም?" የሚል አለ። እየተሰራ ነው እኮ! ቶዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሀዋሳ ኢንዱስትሪያል ፓርክ ውስጥ በ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ 2 ጊጋዋት የሴል ፋብሪካ እንደሚከፍት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አካባቢ አስታውቆ በ2025 ማምረት ጀመረ፣ ከዛ ሌላ 2 ጊጋዋት ጨመረ። የመጀመሪያውን አካፍሉት፣ በዋት 3 የዶላር ሳንቲም መሆኑ ነው። እንዲህ ቶሎና በርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሼዱ ቀድሞ የቆመ መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ፣ መሬት መቆፈርና ህንጻ መጠበቅ የለም። ገበያቸው አሜሪካ ነው፣ አሜሪካ በቬትናም፣ ታይላንድ፣ ማሌዥያና ካምቦዲያ ሴልና ፓነል ላይ ከባድ ቀረጥ ስለጣለች ሌላ አገር ያስፈልጋቸው ነበር። እነዛ ልብስ ሰፊዎች አጎዋ፣ ያለቀረጥ አሜሪካ የመሸጥ ዕድሉ፣ ተነስቶብን የወጡበት ፓርክ ውስጥ እንዲህ አይነት ስራ መግባቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ግን የሴል ፋብሪካ ከመገጣጠሚያ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ኬሚስትሪ ነው። እጅግ የተጣራ ውሃ በብዛት ይፈልጋል፣ በአየር ላይ በራሱ የሚቀጣጠል ሳይሌን የሚባል ጋዝ አለው፣ ሴሉ የሚሰራበትን ስስ የሲሊከን ቁራጭ፣ ዋፈሩን፣ ለማጠብ ደሞ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ። ፍሎራይድ ያለበት ፍሳሽ በኖራ ታክሞ እንዲዘቅጥ ካልተደረገ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ፍሎራይድ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም፣ የጉድጓድ ውሃ ጥርሱን ያበለዘበት ስንት ዘመድ አለን። የሀዋሳ ሐይቅ ደሞ መውጫ የለውም፣ የገባበት እዛው ይቀራል። የፓርኩ ማጣሪያ ለጨርቃ ጨርቅ ተብሎ የተሰራ ስለሆነ እንዲህ አይነት ፋብሪካ ለብቻው የራሱ ማከሚያ ያስፈልገዋል፣ ከዚህ ላይ ወጪ ይቀነስ የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም።

ለጀማሪ እንግዲህ የኔ ምክር መገጣጠሚያ ነው፣ እሱም የተሰራ ሼድ ተከራይቶ፣ አንድ መስመር ብቻ፣ ለሁለተኛው ላሚኔተር ግን ቦታ ተትቶለት። ኢቪኤው የሚቀመጥበት ክፍል ዝግና ደረቅ ይሁን፣ ክረምት ላይ የሐምሌ እርጥበት ጥቅልሉን ሳትጠቀሙበት ያበላሸዋል። የጥሬ ዕቃ ኤልሲ፣ ማለትም በባንክ በኩል የሚከፈተው የግዢ ክፍያ፣ ደሞ ቢያንስ የሦስት ወር ስራ ይዞ ይከፈት፣ ጀንክሽን ቦክስ (ከፓነሉ ጀርባ ሽቦው የሚወጣበት ሳጥን) አልቆ ሙሉ መስመር ቆሞ ሰራተኛ ቁጭ ብሎ ደሞዝ የበላበት ጊዜ ነበር።

ከጠየቁኝ ሁለት ሰዎች አንደኛው ገላን አካባቢ ሼድ አይቶ ቀብድ ሊከፍል ነበር። ቆይ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ ተከራይና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወር እሰረው፣ ስንቴ እንደሚጠፋ፣ ቮልቴጁ የት ድረስ እንደሚወርድ እይ አልኩት። ባለፈው እሁድ ደወለልኝ። ሼዱን ትቶታል፣ ሌላ ቦታ ላይ ሁለተኛ ወር እየለካ ነው።