ያልሰማሁት ድምፅ ናፍቆት

ሼፊልድ፣ ቅዳሜ ምሽት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ከጣሪያቸው ሥር ያለውን የዕቃ ማከማቻ ሲያራግፉ ካርቶን በማውረድ ሳግዛቸው ዋልኩ። ዕድሜያቸው ሰባን የደረሰ፣ መሰላል እንዳይወጡ ሐኪም የከለከላቸው፣ ነገር ግን የትኛው ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ከላይ ሆኜ ስጠይቃቸው አንዱንም ሳይስቱ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ስለ ሳህኑም ስለ መጻሕፍቱም ግድ አልነበራቸውም፤ አንዱን ካርቶን ሳነሳ ብቻ «እርሱን ቀስ አድርገህ አውርደው» አሉኝ። በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ የወጣው ነገር መጀመሪያ የአናጺ መሣሪያ መሰለኝ፤ አጭር የእንጨት መያዣ፣ ከመያዣው ጫፍ ላይ እንደ ባንዲራ ወደ ጎን የወጣ ሞላላ ክፈፍ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ነጭ ቀለም የተቀባ ነበር። ራትል ይሉታል። ጎረቤቴ በልጅነታቸው የከተማዋን ኳስ ክለብ፣ የሼፊልድ ዌንስደይን ጨዋታ ሊያዩ ሲሄዱ ይይዙት የነበረ የደጋፊ መጮኺያ ነው።

አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። በመያዣው ላይኛው ክፍል ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት የእንጨት መንኮራኩር ተጣብቋል፤ ክፈፉ ደግሞ በእርሱ ዙሪያ እንደ ልቡ ይዞራል። በክፈፉ ውስጥ አንደኛው ጫፉ የታሰረ፣ ሌላኛው ጫፉ መንኮራኩሩ ጥርስ ላይ ያረፈ ስስ የእንጨት ልሳን አለ። ሰው መያዣውን ጨብጦ ክንዱን ሲያሽከረክር ልሳኑ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው እየተፈናጠረ ይመታል፤ ቀስ ብለው ሲያዞሩት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ሲያፈጥኑት ግን አንዱ ምት ከሚቀጥለው ጋር ይጋጠምና ደረቅ ግንድ ያለ ማቋረጥ እየተሰነጠቀ ያለ የሚመስል ጩኸት ይሆናል። ባትሪ የለውም፤ ትንፋሽም አይጠይቅም። ጎረቤቴ ወጥ ቤታቸው መካከል ቆመው ሁለት ዙር ብቻ ቢያዞሩት ሳላስበው ሁለቱንም ጆሮዎቼን ያዝኩ። እርሳቸው ሳቁና «አሁን ይህን በሺህ አባዛው» አሉኝ።

ሊረሳኝ ያልቻለው ግን ጩኸቱ ብቻ አይደለም። መያዣው ላይ እጅ የነካው ቀለም ተልጦ፣ ከሥሩ የወጣው እንጨት የጠቆረ ነው። ቀለሙ በኋላ የመጣ መሆኑን ጎረቤቴ ነገሩኝ። ራትሉ መጀመሪያ የአባታቸው ነበር፤ አባታቸውም ይዘውት የሚዞሩት ለኳስ ሳይሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በየሰፈሩ ከተመደቡት የአየር ጥቃት ጠባቂዎች አንዱ ስለ ነበሩ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የጀርመን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ይጥላሉ ብሎ እጅግ ይሰጋ ነበርና ገና ጦርነቱ ሳይጀመር፣ እስከ መስከረም 1938 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ 38 ሚሊዮን ያህል የጋዝ ጭንብል ለሕዝቡ አድሏል። ጠባቂው ራትሉን ካዞረ ጋዝ መጥቷል፣ ጭንብላችሁን አጥልቁ ማለት ነው፤ የእጅ ደወል ካቃጨለ ደግሞ አደጋው አልፏል ማለት ነው። በታኅሣሥ 1940 እ.ኤ.አ. በሁለት ሌሊት ድብደባ በዚህች ከተማ ከ660 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የወደቀው ግን ቦምብና እሳት እንጂ ጋዝ አልነበረም። ራትሉ ለተሠራበት ጉዳይ አንድም ቀን ሳይጮህ ጦርነቱ አበቃ። ከዚያ በኋላ አባትየው ሰማያዊና ነጭ ቀብተው ኳስ ሜዳ ይዘውት ሄዱ። እንደ እርሳቸው ያደረጉ ብዙዎች ነበሩ።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ጎረቤቴ የደከመኝ መስሏቸው ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ። እኔ ግን የማስበው ስለ ተከዜና ስለ አሸንጌ ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች በ1928 ዓ.ም. በሠራዊታችንም በገበሬውም ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ሲረጩ ጭንብል የሚያድል፣ ራትል የሚያዞር አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ቆመው ይህንኑ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናገሩ። እዚህ ማስጠንቀቂያው ኖሮ ጋዙ ቀረ፤ እዚያ ጋዙ ወርዶ ማስጠንቀቂያው አልነበረም። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። ዕቃቸውን በደስታ ያሳዩኝን ሰው ቀን ማጥቆር አልፈለግሁም፤ ለዚህ ደብተር ግን እነግረዋለሁ።

ራትል የሚባለው ዕቃ ከጦርነቱም በፊት ሌላ ኑሮ ነበረው። በገጠር የድሀ ልጆች ለጥቂት ሳንቲም ተቀጥረው ከማሳ ላይ ወፍ የሚያባርሩት እንዲህ ባለ የእንጨት መጮኺያ ነበር። በከተማ ደግሞ በ1829 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የለንደን ፖሊስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጓደኛውን ለእርዳታ የሚጠራው ራትል እያዞረ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃሙ ጆሴፍ ሃድሰን የሠራው ፊሽካ ከሩቅ ስለሚሰማና ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ፖሊሶቹ ራትሉን ጣሉት። እኔን ደስ ያሰኘኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ይኸው ሃድሰን በ1884 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ውስጡ ፍሬ ያለው ፊሽካ የኳስ ዳኞች መሣሪያ ሆነ። ከፖሊስ እጅ ራትልን ያስለቀቀው ፊሽካ ሜዳው ውስጥ ዳኛው አፍ ላይ ተሰካ፤ የተባረረው ራትል ደግሞ ዞሮ ዞሮ ተመልካቹ መካከል ገባና ለስልሳ ሰባ ዓመት ያህል በየቅዳሜው ዳኛውን ሲጮህበት ኖረ። ቂም የያዘ ይመስላል።

ጎረቤቴ ራትሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉ ቀን ያዞሩት በግንቦት 14 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ዌምብሌይ ላይ ነው። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ጋር በባቡር ሄዱ። የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ዌንስደይ ከኤቨርተን። ጂም ማካሊዮግ ገና በጨዋታው መጀመሪያ አገባ፤ ከእረፍት በኋላ ዴቪድ ፎርድ ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለት ለዜሮ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ቀኝ ክንዳቸው ሳይታወቃቸው በአየር ላይ ይዞር ነበር። «ዋንጫው የእኛ ነው ብዬ እጄ እስኪዝል አዞርኩት፤ አባቴም አምጣው አሉና ተቀበሉኝ» አሉ። ከዚያ ማይክ ትሬቢልኮክ የሚባል፣ ብዙ ሰው ከዚያ ቀን በፊት ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ግብ አከታትሎ አገባ፤ ዴሪክ ቴምፕል ደግሞ ሦስተኛውን። ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። በመመለሻው ባቡር ላይ ራትሉ በአባታቸው ጭን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር አንዲት ጥርስ እየዘለለ ቀጭ ይል ነበር፤ በፉርጎው ውስጥ ግን የተቆጣም የሳቀም ሰው አልነበረም። ከጨዋታው ሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ይህችን ቀጭታ እንደ ሆነ ነገሩኝ።

ያልኖርኩበትን ዘመን መናፈቅ ይገባኝ እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የምናፍቅበት ምክንያት ግን አለኝ። ወደዚህ አገር በመጣሁበት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዌንስደይ ሜዳ ወደ ሆነው ሂልስቦሮ ስታዲየም ወሰደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቴሌቪዥን ሳየው የኖርኩትን የእንግሊዝ ኳስ በዓይኔ ላየው ስለ ሆነ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ጨዋታው ተጀመረ፤ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ በአንድ ድምፅ መዝፈን ጀመረ። ዜማው ቀላል ነው፤ ቃሉ ግን በዮርክሻየር አነጋገር ታሽቶ ለእኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያዝ አልሆነም። ሁሉም ሲዘፍን ዝም ማለት አሳፈረኝና ከንፈሬን ብቻ ማንቀሳቀስ ያዝኩ። ባልደረባዬ ዘወር ብሎ ፈገግ አለልኝ፤ የምዘፍን መስሎታል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እንዲያ ስዋሽ ቆየሁ። ወራት ካለፉ በኋላ ቃላቱን ለይቼ ስሰማቸው አንዳንዶቹ በተጋጣሚው ደጋፊ እናት ላይ የተገጠሙ መሆናቸውን ዐወቅሁ፤ በዚያን ቀን እንኳንም ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ አልኩ። ራትል እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ከማንም እኩል ደጋፊ በሆንኩ ነበር። ራትል ቋንቋ የለውም፤ ስለዚህ ባዕድን አይለይም። ደግሞም ማንንም አይሰድብም።

እርግጥ ራትሉን ከስታዲየም ያወጣው ክፋት አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደጋፊው፣ በተለይ የሊቨርፑል ወጣት፣ የሬዲዮውን ዘፈን እየነጠቀ ለክለቡ ማዜም ሲጀምር እንጨቱ ለዜማው እንቅፋት ሆነ፤ ጩኸት ባለበት ዘፈን አይሰማምና። ቀጥሎ የደጋፊዎች ጠብ የበረታበት ዘመን መጣ፤ ጠንካራ እንጨት ከመያዣ ጋር ሲሆን ለጠብ ምን ያህል እንደሚመች ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ክለቦች በር ላይ መቀማት ጀመሩ። እኔም የበር ጠባቂ ብሆን እቀማ ነበር። በእርሱ ፋንታ የመጣውን ነገር ግን ልወደው አልቻልኩም፤ አሁን አንዳንድ ክለብ ራሱ የታጠፈ ካርቶን አሳትሞ በየወንበሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ደጋፊውም ገብቶ ያንን ያጨበጭባል። ሌስተር ሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ካርቶን እየታጀበ ስለ ሆነ ዋንጫውን አልነቅፍም። ይሁንና የታደለ ጩኸት የአባት ዕቃ አይሆንም፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ ከፎጣ ውስጥ የሚወጣ ካርቶን አይኖርም።

እኛስ ብንሆን መጮኺያን ለጠብ ከማዋል የጸዳን አይደለንም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ሲጋጠም አዲስ አበባ በአንድ ቡና ቤት ቆሜ አይ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን አራት ለሁለት አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድነውም በዚሁ በጥር 13 ቀን ነውና ቡና ቤቱ ውስጥ ይህን ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ስታዲየሙን የሞላው ያገራችን ሰው ቩቩዜላውን ሲነፋ ድምፁ በቴሌቪዥኑ አልፎ ያስጮኸን ነበር። በረኛችን ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ ሲያይ ግን ያ ሁሉ ቩቩዜላ ከአፍ ወርዶ ወደ ሜዳው መወርወር ጀመረ፤ ጨዋታውም ቆመ። አዳነ ግርማ አቻ ባያደርገን ኖሮ ዛሬ የምናስታውሰው የተወረወረውን ብቻ በሆነ ነበር። የእንግሊዝ በር ጠባቂዎች ራትሉን ለምን እንደ ቀሙ የገባኝ ያን ቀን ያየሁትን ሳስታውስ ነው።

ሽማግሌው ራትሉን እስከ ነገ አዋሱኝ። ቤቴ እንደ ገባሁ አዲስ አበባ ለአባባ ደወልኩ፤ እዚያ መሽቷል። አባባ በጉልምስናቸው የስታዲየም ሰው ነበሩ፤ ቦታቸው ካታንጋ ነው፤ ከዚያ ወደ ጥላ ፎቅ የተሻገረን ደጋፊ እንደ ከሃዲ ነበር የሚያዩት። ጡሩንባውን፣ ከበሮውን፣ ሁለት ጣት አፍ ውስጥ ከትቶ የሚፎጨውን ፉጨት እየነገሩኝ አሳድገውኛል። ስለዚህ የእንግሊዝ ደጋፊ በእርሳቸው ዘመን ምን ይዞ ይጮህ እንደ ነበር ላሰማቸው ፈለግሁ። ምን እንደ ሆነ ሳልነግራቸው «አባባ፣ ይህን ይስሙልኝ» አልኳቸውና ስልኩን የጓሮው አጥር ላይ አስቀምጬ ራትሉን በሙሉ ክንዴ አዞርኩት።

ስልኩን መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አባባ ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ይስቁ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ እንግሊዝ አገር ማሽላ ጥበቃ ተቀጠርክ እንዴ?»

ኳሱን አላነሡትም። ይልቁንም ወደ ይፋት ተመለሱ፤ ማሳው መካከል ማማ ላይ ቆመው ከንጋት እስከ ምሽት በወንጭፍና በጅራፍ ወፍ ሲያባርሩ ስለ ከረሙበት ልጅነት አወሩኝ፤ ያንኑ ጅራፍ ለቡሄ ሲያጮሁት ወፍ ከማባረሪያነቱ ወጥቶ ሌላ ነገር ይሆን እንደ ነበር፣ እጃቸው ግን ያው እጅ እንደ ነበረ ነገሩኝ። በመጨረሻም «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ጨለማው ወርዶ ስለ ነበር ጎረቤት እንዳይቆጣ ፈራ ተባ እያልኩ ደገምኩት። ከጩኸቱ መካከል፣ አጥሩ ላይ ካለው ስልክ፣ አባባ «ሃይ! ሃይ!» እያሉ ወፍ ሲያባርሩ ይሰማኝ ነበር።