በኢሜይል የሚላክ ፓች ለእኛ የተሠራ ይመስላል

ስለ ሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ስለ ሊኑክስ ሥርዓት እምብርት፣ ሲወራ ሁሌ የሚያስቅ አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ በኢሜይል ነው የሚሠሩት። ሰርቨሩን፣ አንድሮይድ ስልኩን፣ ራውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ እንደ ብዙ ፕሮጀክት በጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ በሚቀርብ የለውጥ ጥያቄ (ፑል ሪኩዌስት) አይገባም። በተራ ኢሜይል ይላካል፣ በኢሜይል ይተቻል፣ በኢሜይል ያልፋል ወይም ይወድቃል። ኮድ ለሚጽፉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው "በዚህ ዘመን?" ይሉኛል። አንዱማ "ፋክስስ አልሞከሩም?" አለኝ።

ይሳቁ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ተቀምጦ ትልቅ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ውስጥ መሳተፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ ከተናቀው ኢሜይል የተሻለ በር እኔ አላየሁም።

ፓች ማለት ጽሑፍ ነው። የትኛው መስመር ወጣ፣ የትኛው ገባ፣ ለምን። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኪሎ ባይት አያልፍም። ለመላክ የፕሮጀክቱ አባል መሆን አያስፈልግም፣ የባንክ ካርድ አይጠየቅም፣ ከአገር ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ፈልጎ ማጣት የለም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ትሠራላችሁ፣ ዳታ ስትሞሉ ትልካላችሁ፣ መልሱ ደግሞ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል። ማንም ኦንላይን ሆናችሁ እንድትጠብቁት አይፈልግም፤ ግማሾቹ ጀርመን፣ ግማሾቹ ካሊፎርኒያ ስለሆኑ እነሱ ራሳቸው በአንድ ሰዓት ነቅተው አያውቁም።

የኮድ ለውጥን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ፣ ጊት፣ ራሱ ለዚህ ሕይወት የተሠራ ነው። የከርነሉ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው ከርነሉ ይጠቀምበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል ፕሮግራም ነፃ ፈቃዱን ሲነሳው ነው። ታሪኩ በሙሉ የራሳችሁ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ማን ይህን መስመር መቼ እና ለምን እንደጻፈው ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዛሬ ብዙ ሰው ጊትን ከጊትሀብ ለይቶ አያየውም፤ የጊት ትእዛዞች ውስጥ ግን ፓችን ወደ ኢሜይል የሚለውጥ፣ የሚልክ፣ ከኢሜይል ወደ ኮድ የሚመልስ መሣሪያ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ አለ።

እርግጥ መጀመሪያ ኮዱን ማውረድ አለ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ከርነሉ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። ከነታሪኩ በጊት ልውሰድ ካላችሁ ጊጋ ባይቶች ነው፤ ይባስ ብሎ የጊት ክሎን (ሙሉውን ቅጂ ማውረድ) መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው። ፓኬጅ ገዝቶ ሰማንያ ከመቶ ላይ ሲቋረጥ ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። መድኃኒቱ ግን አለ፣ ብዙዎች አያውቁትም እንጂ። ከርነል ዶት ኦርግ ላይ ሙሉው ታሪክ በአንድ ፋይል፣ ባንድል ተብሎ ተቀምጧል። ያንን በማንኛውም ማውረጃ፣ ቢቋረጥም እየቀጠላችሁ፣ በሳምንትም ቢሆን ታወርዱታላችሁ። ከዚያ ክሎን የምታደርጉት ከራሳችሁ ዲስክ ነው፣ ከኢንተርኔት የምትጨምሩት የመጨረሻዎቹን ቀናት ለውጥ ብቻ ነው። ታሪኩ አያስፈልገኝም፣ መሞከር ብቻ ነው የምፈልገው ካላችሁ ደግሞ የታመቀው ኮድ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ከአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ አይበልጥም።

ኮምፓይል ማድረግም (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ) እንደሚወራው አያስፈራም። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ኮንፊግ (ምን ምን እንደሚሠራ የሚወስን ዝርዝር) እንዳለ ወስዳችሁ ከሠራችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል፣ ምክንያቱም በዓለም ላይ ላለ ዕቃ ሁሉ ድራይቨር (ከርነሉን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ኮድ) እየሠራ ነው። ሎካልሞድኮንፊግ የሚባል አማራጭ አለ። አሁን ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫኑትን ሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ያሉ የከርነል ክፍሎች) ብቻ አይቶ ሌላውን ያስወጣዋል። ብቻ ከማስኬዳችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ፣ ፍላሹን፣ ማተሚያውን፣ ዶንግሉን ሰኩት። ያልተሰካ ዕቃ የለም ብሎ ነው የሚያስበው።

ስለ ዶንግል ካነሳሁ አይቀር፣ የእኔም በር የተከፈተው በዚያ ነው። መርካቶ የሚሸጡ ርካሽ የዩኤስቢ ዋይፋዮችን ታውቃላችሁ፣ ጥፍር የሚያክሉት፣ ማሸጊያቸው ላይ የሌላ ብራንድ ስም የተለጠፈባቸው። አንዱን ገዝቼ ሊኑክስ ላይ ስሰካው ዝም አለ። ሻጩ "ዊንዶውስ ላይ ሞክሬዋለሁ ወንድሜ፣ ይሠራል" ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ የታወቀ የሪያልቴክ ቺፕ ነው፣ ከርነሉ ውስጥ ድራይቨር አለው። ችግሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ አንዱ የአምራቹ፣ አንዱ የዕቃው። ድራይቨሩ ውስጥ የሚያውቃቸው ቁጥሮች ሰንጠረዥ አለ። ማሸጊያውን የቀየረው ፋብሪካ ቁጥሩንም ቀይሮታል፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ዕቃውን እያየ አያውቀውም።

ይህን ለማረጋገጥ ኮድ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። ሲስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ በእያንዳንዱ የዩኤስቢ ድራይቨር ሥር አዲስ ቁጥር የምትቀበል ትንሽ ፋይል አለች። የዕቃችሁን ሁለት ቁጥሮች፣ ድራይቨሩ ከሚያውቀው ተመሳሳይ ዕቃ ቁጥር ጋር እዚያ ትጽፋላችሁ። ቺፑ ትክክለኛው ከሆነ ዋይፋዩ ወዲያው ይነሳል። ከዚያ በኋላ ፓቹ ማለት ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

አንድ መስመር። ግን ያቺን መስመር ጀርመን ያለው ሜይንቴነር (የኮዱ ኃላፊ) ሊጽፋት አይችልም፣ ያ ዶንግል እጁ ገብቶ አያውቅማ! እኛ ዘንድ በየሱቁ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ጊዜ እነሱ ጋ አይደርስም። እንዲያውም የሪያልቴክ ዩኤስቢ ዋይፋዮች ድራይቨር ውስጥ "አልተሞከሩም" ተብለው የተመዘገቡ ቁጥሮች አሉ፤ አንዱን ስትሰኩ ከርነሉ ራሱ ይህ ዕቃ አልተሞከረም፣ እባክህ ውጤቱን አሳውቅ ብሎ መልእክት ይጽፋል። ስንቶቻችን ነን ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) ከፍተን እዚያ ድረስ ያነበብነው? በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ "ዋይፋይ ሊኑክስ ላይ አይሠራም" ለሚለው የሚሰጠው መልስ ወይ ዊንዶውስ ጫን ነው፣ ወይ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ድራይቨር ከሆነ ቦታ አውርደህ ጫን ነው። ሁለተኛው እስከሚቀጥለው የከርነል አፕዴት ድረስ ይሠራና እንደገና ይሰበራል። ከርነሉ ውስጥ የገባች መስመር ግን ለሁሉም፣ ለሁልጊዜ ናት።

ፓቹን መላክ የራሱ ወግ አለው። የከርነሉ ኮድ ውስጥ ሁለት ስክሪፕቶች አሉ፣ አንዱ አጻጻፋችሁን ይፈትሻል፣ ሌላው ፓቹ ለማን መላክ እንዳለበት ይነግራችኋል። ርዕሱ አጭር ይሁን፣ ማብራሪያው በ75 ፊደል ገደማ ላይ ይሰበር፣ አነጋገሩ ኮዱን የምታዙ ይምሰል፤ "ጨምሬያለሁ" ሳይሆን "ጨምር"። ከሁሉም በላይ ምክንያቱን ጻፉ። ምን እንደተለወጠ ኮዱ ራሱ ይናገራል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። መጨረሻ ላይ ስማችሁን ትፈርማላችሁ። ፊርማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤስሲኦ የሚባለው ኩባንያ የከርነሉን ኮድ ባለቤትነት ፍርድ ቤት ሲያከራክር የመጣች ናት፤ ይህን ኮድ የማስገባት መብት አለኝ ማለት ነው። በነገራችን ላይ አንድ መላሽ እኔን በአባቴ ስም ጠራኝ። አባቴ ስለ ዩኤስቢ ምንም እንደማያውቅ ማስረዳቱን ተውኩት።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ልብ ይጠይቃል። ሰላምታ የለም። እንዴት አደርክ የለም። የጻፋችሁትን ቆርጠው፣ ከሥሩ "ይሄ ለምን?" ብለው ይጽፋሉ፣ አበቃ። እኛ ሰው ቤት ገብተን ጉዳያችንን ከማንሳታችን በፊት ስለ ልጆቹ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮው የምንጠይቅ ሰዎች ይህ ቁጣ ይመስለናል። አብዛኛው ግን ቁጣ አይደለም፣ ጊዜ የለውም። ድሮ የነበረው ስድብ እውነት ስድብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ሊኑስ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ እረፍት ወጣ፣ ፕሮጀክቱም የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ። አሁን የሚደርሳችሁ ብዙ ጊዜ ደረቅ መልስ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የቺፑ ስም በትክክል ምንድን ነው፣ መስመሯን በቁጥር ቅደም ተከተል አስገባት የሚል ነበር። አስተካክዬ ሁለተኛ እትም ላክሁ። አለፈ።

ዝምታም አለ። ዝምታው ከትችቱ ይከብዳል። መመሪያው ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳትጠብቁ አታስታውሱ ይላል። የጊዜ ሰሌዳቸውን ማወቅ ይጠቅማል፦ አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፣ በወጣ በሁለቱ ቀጣይ ሳምንታት ሜይንቴነሮቹ ያጠራቀሙትን ሁሉ ለሊኑስ ስለሚልኩ አዲስ ሰው የሚያነብ ጭንቅላት የላቸውም። ከዚያ በየእሑዱ አርሲ የሚባሉ የሙከራ እትሞች ይወጣሉ። ፓች ለመላክ የሚሻለው ከአርሲ 1 በኋላ ነው።

መዘግየቱ የሚያናድዳቸው አሉ። እኔን አያናድደኝም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ በዌብሳይት ላይ በየቀኑ መታየት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የነበሩ ስንት ሰዎች ከደንበኞቻቸው ጋር እንደተቆራረጡ እናስታውሳለን። በኢሜይል በሚሄድ ክርክር ውስጥ የሦስት ሳምንት ዝምታ የተለመደ ነው፤ ተመልሰህ ስትጽፍ የት ጠፋህ የሚልህ የለም።

እውነቱን ለመናገር ኢሜይሉም እንከን አለው። ስልክ ላይ ካለው የጂሜይል አፕ የምትልኩት በተራ ጽሑፍ ሳይሆን በኤችቲኤምኤል ስለሚሄድ የከርነሉ ሰርቨር አይቀበለውም፤ ከተርሚናል ለመላክ ደግሞ ጂሜይል የተለየ የይለፍ ቃል አስወጡ ይላል። አንዳንድ የቢሮና የግቢ ኔትወርክ የኢሜይል መላኪያውን ይዘጋዋል። ለዚህ ቢ4 የሚባል መሣሪያ አለ፣ ኢሜይል መላክ ለማይችሉ ፓቹን በዌብ በኩል ተቀብሎ ያደርስላቸዋል። ማዋቀሩ አንድ ምሽት ይበላል። ይህ አዲስ ሰው ያባርራል የሚሉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ግን አንድ ምሽት ከፍሎ ለዓመታት መገላገል ለእኔ ርካሽ ነው።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ከርነሉ ውስጥ የሚገባው አብዛኛው ሥራ የፈቃደኞች አይደለም፣ ኢንቴል፣ ሬድ ሃት፣ ጉግል ደመወዝ የሚከፍሏቸው ሰዎች ሥራ ነው። በነፃ ለእነሱ ለምን ትሠራለህ ያለኝ ሰው አለ። እኔ የሠራሁት ለእነሱ ሳይሆን ለመርካቶ ዶንግል ነው፣ ይህን ብነግረው አልገባውም። ደግሞም የማይታወቅ ሰው ፓች በጥርጣሬ መታየቱን ጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ስህተት ያለባቸውን ፓቾች ለጥናት ብለው መላካቸው ታወቀና ከዋናዎቹ ሜይንቴነሮች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮኣ-ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን ሁሉ አገደ። ከዚያ ወዲህ የፊደል ስህተት ብቻ እየለቀመ ከሚልክ ሰው ይልቅ፣ ዕቃው እጄ ላይ ነው፣ ሰክቼ ያየሁት ይሄ ነው ብሎ ማስረጃ የሚያያይዝ ሰው ቶሎ የሚደመጥ ይመስለኛል። ማስረጃ ደግሞ ከየሱቁ በጥቂት ብር ይገዛል።

ሌላ ዶንግል አግኝቻለሁ፣ ይሄኛው ቁጥሩ "ካልተሞከሩት" ውስጥ አለ። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ ግን ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ እያየሁ ነው። አሁን የሁለቱ ሳምንት ግርግር ላይ ስለሆኑ አርሲ 1 እስኪወጣ አልክም። እጃችሁ ላይ ተመሳሳይ የሚጠፋ ዕቃ ካለ ኤልኤስዩኤስቢ የሚባለው ትእዛዝ የሚያሳየውን የዕቃውን ቁጥር እና ዲሜሴጅ የሚለውን ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ ላይ እናያይዘዋለን።