ዶሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ታኅሣሥ 27 ሌሊት ከሐዋሳ ነው። ዋዜማው ነገ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ ዶሮ ነው። ከገበያ ያመጣሁት ገብስማ አውራ ዶሮ ማድቤቱ በር ላይ ታስሮ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። ሲነጋ መጮህ የነበረበት ፍጡር ሌሊቱን ቀን አደረገው። ጎረቤቶቼ፣ አንድ ሌሊት ታገሱኝ። ነገ ዝም ይላል፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

በዚህ ጩኸት መሀል ትዝ ያለኝ ሐምሌት ነው። አትሳቁ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር ሐምሌት። ሰው ስለዚህ ትራጀዲ ሲያወራ ስለ ልዑሉ ሐምሌት ብቻ ነው የሚያወራው። መኖር ወይስ አለመኖር እያለ ስለሚብሰለሰለው። እኔን ግን ሁሌም የሚይዙኝ ዘበኞቹ ናቸው።

ተውኔቱ የሚጀምረው በነሱ ነው። ዴንማርክ፣ ኤልሲኖር ግንብ ላይ፣ እኩለ ሌሊት፣ ብርድ። ተረኛው ፍራንሲስኮ ቆሟል። ሊቀይረው የመጣው በርናርዶ ከጨለማው ውስጥ «ማነው?» ይላል። ልብ በሉ፣ መጠየቅ የነበረበት ተረኛው ነው። ፍራንሲስኮም «አይሆንም፣ አንተ መልስ» ይለዋል። በሁለት አጭር ንግግር ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚፈራበት አገር ውስጥ እንደገባን ይገባናል። ንጉሥ የለ፣ ነጋሪት የለ።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ፣ ከሐይቁ ዳር አምሽቼ ስመለስ፣ በራችን አጠገብ አንድ ጥላ ተነቃነቀ። ደንግጬ «ማነህ?» አልኩ። «እኔን ነው እንዴ የምትጠይቀኝ? ጠያቂውስ እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። የሰፈራችን ዘበኛ ናቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ጋሼ ሐምሌትን አላነበቡም። ማንበብም አያስፈልጋቸውም።

ፍራንሲስኮ ከመሄዱ በፊት ስለተቀየረ ያመሰግንና ብርዱ መክበዱን፣ ልቡም መክፋቱን ይናገራል። ለምን እንደከፋው አይነግረንም። ይሄዳል፤ ተመልሶ አናየውም። የሙሉ ተውኔቱን ስሜት ግን መድረኩ ላይ ጥሎልን ነው የሄደው።

ከዚያ የሞተው ንጉሥ፣ የሐምሌት አባት፣ መንፈስ ይመጣል። ሊናገር ሲል ዶሮ ይጮኻል፣ መንፈሱም ይጠፋል። እዚህ ላይ ማርሴለስ የሚባለው ዘበኛ የሚናገረውን ነው ለበዓሉ ልነግራችሁ የፈለግሁት። ሰዎች እንደሚሉት፣ ይላል፣ የመድኃኔዓለም ልደት ሲቃረብ ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ያኔ መናፍስት ውልፍት አይሉም፣ ክፉ ኮከብ ሰው አይነካም፣ መተት አይሠራም። ሌሊቱ ንጹሕ ነው።

ስምንት ሰው በሚያልቅበት ተውኔት ውስጥ! የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስ መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ወሬ ሲለቅም ተወግቶ ይሞታል። ልጁን ኦፌሊያን ውኃ ይወስዳታል። መጨረሻ ላይ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ የኦፌሊያ ወንድም ላየርቲስና ሐምሌት በአንድ አዳራሽ ይወድቃሉ። ያ የገና ወሬ ባይኖር ኖሮ ጨለማው እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም። ሰላማዊ ሌሊት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ አሳይቶናላ።

ማርሴለስም ከመጀመሪያው ገቢር በኋላ የለም። በዴንማርክ መንግሥት አንድ የበሰበሰ ነገር አለ ያለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ሐምሌት ያለው ይመስለዋል። የዘበኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ወሬውን ያመጣል፣ ስሙን ሌላ ይወስደዋል።

መቃብር ቆፋሪውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እየቆፈረ ይዘፍናል፣ ከልዑሉ ጋር ቀልድ ይገጥማል። ከዚያ 23 ዓመት አፈር ውስጥ የነበረ የራስ ቅል ያወጣል፤ ሐምሌትን በልጅነቱ በጀርባው ያዝለው የነበረው የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ የዮሪክ። ሳቁ እጃችን ላይ ይቀዘቅዛል። ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወት ያየ አበሻ ይህን ትዕይንት ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ወደ ገናችን ልመለስ። በቤተልሔም ምሥራቹን ማን ነበር ቀድሞ የሰማው? ሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞች። እነሱም ተረኞች ነበሩ። ብርድ ላይ ነበሩ። መልአኩ መጀመሪያ ያላቸውም አትፍሩ ነው። ኤልሲኖር ላይ ለዘበኞቹ እንዲህ የሚላቸው አልተገኘም።

እናም የዘንድሮ ሰላምታዬ በዓሉን በተረኝነት ለምታሳልፉ ይሁንልኝ። ሆስፒታል ለምታድሩ ነርሶች፣ ከገብርኤል ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ለማድረስ ለምትጠብቁ ባለባጃጆች፣ በር ላይ ለምታድሩ አባቶች። 43 ቀን ጾማችሁ ለምትገድፉም ሁሉ፣ መልካም ገና።

አሁን ሌሊት 9 ሰዓት ሆነ። ቅድም ወጥቼ «ጋሼ፣ ይህ ዶሮ ረበሸዎት አይደል? ወደ ውስጥ ላስገባው?» ብዬ ነበር።

«ተወው» አሉኝ እሳታቸውን እየቆሰቆሱ። «እኔም ብቻዬን ከማድር ይሻለኛል።»