ጁሲ ሉሲን ፍለጋ፦ ከሚኒያፖሊስ እስከ ሴንት ፖል

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በአንድ ጎዳና ላይ ከአምስት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ሁለት አሮጌ መጠጥ ቤቶች ይገኛሉ። ሁለቱም ቺዝን ከሥጋው በላይ ሳይሆን ከሥጋው ሆድ ውስጥ ከትቶ መጥበስን የጀመርነው እኛ ነን ይላሉ፤ ክርክሩም ዳኛ ሳያገኝ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ምግቡ በርገር ነው፤ ስሙም ጁሲ ሉሲ ይባላል። የሐዳሯን ሉሲ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስሙ ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም፤ ነገር ግን የእኛዋ ድንቅነሽ በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአፋር ምድር ስትወጣ፣ ይህኛዋ ሉሲ በምጣድ ላይ ሃያ ዓመት ያህል አስቆጥራ ስለነበር ዝምድና የላቸውም።

ከምኖርበት ከቨርጂኒያ ተነሥቼ ወደዚያ የሄድኩት በበዓለ ሃምሳ ነው፤ ጊዜውንም አስቤበት ነበር የመረጥኩት። ሥጋና ቺዝ አንድ ላይ የያዘ ምግብ በጾም ቀን የማይታሰብ በመሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙበት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ወቅት ምግብ ቤት ለሚያዳርስ ሰው እጅግ ይመቻል። በዚያ ላይ የሚኒሶታ በረዶ በዚያ ሰሞን ቀልጦ ስለሚያልቅ ከደጅ በሰልፍ መቆም አያስፈራም። መንገዱን የመራኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በሴንት ፖል ብዙ ዓመት የኖረ፣ ታክሲ ሲነዳ ከተማውን መንገድ በመንገድ ያጠና፣ የበርገር ጉዳይ ሲነሣ ግን እንደ አገሩ ሰው ወገን ይዞ የሚከራከር ሰው ነው። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበለኝ «ፍርድህን አሁን አትስጥ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ብላ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

የተነሣነው ሴዳር ጎዳና ከመሃል ከተማው አጠገብ ከሚያልፍበት፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ከሚባለው ሰፈር ነው። በዚህ ሰፈር ራልፍ ራፕሰን የተባለው አርክቴክት የነደፋቸው፣ በ1973 የተጠናቀቁት፣ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለም የተዥጎረጎሩት የሪቨርሳይድ ፕላዛ ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። ነዋሪዎቻቸው አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሲሆኑ፣ ሶማልኛው ጎልቶ ቢሰማም ኦሮምኛውና አማርኛውም ከመንገድ ዳር አይጠፋም። ለበርገር ጉዞ እዚህ መጀመር አላስፈላጊ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ወደድኩት፤ ምክንያቱም የስደተኛው ሻይ ቤትና የጥንቱ የአሜሪካ ሠራተኛ መጠጥ ቤት የተሠሩት በዚሁ በአንዱ ጎዳና ላይ ነው። በመኪና ወደ ደቡብ ሲወርዱ በግራ በኩል ያረጀውን የአቅኚዎችና የወታደሮች መካነ መቃብር አልፈው፣ ሌክ የሚባለውን መንገድ አቋርጠው፣ ብዙ ሳይቆዩ 35ኛው መንገድ ይደርሳሉ።

ከሁለቱ ተከራካሪ መጠጥ ቤቶች አንዱ የሆነው ማትስ ባር የሚገኘው እዚህ መገናኛ ላይ ነው። ቤቱ ዝቅ ያለና ጌጥ የሌለው ስለሆነ ከደጁ ሰልፍ ባይኖር ሳያስተውሉት ሊያልፉት ይችላሉ። ማት ብሪስቶል የተባለ ሰው በ1954 በስሙ ከፈተው። ቤቱ እንደሚተርከው፣ በዚያው ዓመት አንድ ደንበኛ በሁለት ሥጋ መካከል ቺዝ ተደርጎ፣ ዳሩ ታሽጎ እንዲጠበስለት ጠየቀ፤ ሲነክሰው የጋለው ቺዝ ተፈናጥሮ አገጩን ስላራሰው፣ አፉን እየጠረገ ዛሬ ስሙ የሆነውን ቃል ተናገረ ይባላል። ታሪኩ ደንበኛውን በስም አይጠራውም። ቤቱ ስሙን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዷን ፊደል አስቀርቶ (Juicy በማለት ፈንታ Jucy ብሎ) ነው፤ ይህ ግድፈት ዛሬ እንደ ባለቤትነት ማኅተም ስለሚቆጠር፣ ተፎካካሪዎቹ ፊደሏን አሟልተው ሲጽፉ የማት ወዳጆች ይስቁባቸዋል። ፕሬዚዳንት ኦባማም ጁን 26 ቀን 2014 ስለ ኑሮ ውድነት ደብዳቤ ከጻፈችለት አንዲት እናት ጋር እዚህ ተቀምጦ ይህንኑ በርገር በልቷል።

እኛ ወንበር ያገኘነው ባንኮኒው ላይ፣ ከምጣዱ ፊት ለፊት ነበር፤ ይህንንም እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። ጠፍጣፋው የብረት ምጣድ ለዚያ ሁሉ ሰልፈኛ የማይበቃ መስሎ የሚታይ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ በአንዱ ጥግ ሽንኩርቱን ያቁላላል፣ በቀረው ላይ ሥጋዎቹን እየደረደረ ያገላብጣል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ስስ ሆነው የተጠፈጠፉ የተፈጨ ሥጋዎች ይዘጋጃሉ፤ የታጠፈ የቺዝ ቅጠል በአንደኛው መሃል ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ይደረብና ዙሪያው በጣት ተጨምቆ ይገጠማል። ችሎታው ያለው በመግጠሙ ነው። ዳሩ በጣም ከወፈረ ሥጋው ለብቻው ዳቦ ይሆናል፤ ከሳሳ ደግሞ ቺዙ በር አግኝቶ ምጣዱ ላይ ይፈስና ያራል።

አስተናጋጇ በርገሩን ስታመጣ የነገረችን ለሁሉም የምትለውን ነው፦ ትኩስ ስለሆነ ትንሽ ቆዩ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በራሱ ቋንቋ ተረጎመልኝ፤ «ታገሥ፤ ይሄ ወጥ አይደለም፣ እፍ ብትልበት ውስጡ አይደርስም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቺዙ በሥጋ የታሸገ ስለሆነ ሙቀቱን የሚለቅበት ቀዳዳ የለውም፤ ውጪው በእጅ ለመያዝ ሲመች ውስጡ ገና ይፈላል። የጠበቅነውን ያህል ጠብቀን ስነክሰው ያገኘሁት ነገር ከተራ ቺዝበርገር በእርግጥ የተለየ ነበር። ቺዙ ቅጠልነቱ ጠፍቶ ቢጫ ወጥ ሆኗል፤ የሥጋው ጭማቂና ጨው ከእሱ ጋር ተዋሕዶ ዳቦውን ከሥር ያርሰዋል፤ የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነት፣ የኮምጣጤው ኪያር ደግሞ ኮምጣጣነት ይጨምራሉ። ሰላጣም ቲማቲምም የለበትም፤ አያስፈልገውምም።

እዚህ ላይ ስለ ቺዙ ጥቂት ማለት ይገባል፤ የሉሲ ነገር ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነውና። በማትስ ባር የሚገባው አሜሪካን ቺዝ የሚባለው፣ ምግብ ዐዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች የሚንቁት፣ በፋብሪካ የሚዘጋጀው ርካሽ ቺዝ ነው። ጄምስ ክራፍት የተባለው ነጋዴ በ1916 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ዘዴ የመጣው ይህ የቺዝ ዓይነት፣ ከእውነተኛ ቺዝ ተነሥቶ ሲትሬትን በመሰሉ ጨዎች እየታገዘ እንደገና የሚቀልጥ ነው፤ ጨዎቹ ቅባቱና ውሃው እንዳይለያዩ ስለሚይዟቸው ቢፈላም ሳይበጠስ ለስልሶ ይፈሳል። ቼዳር የተባለው ቺዝ አርጅቶ በዚያ ሙቀት ቢታሸግ ቅባቱ ለብቻው ይወጣና የቀረው ገመድ ይሆናል። በክትፎ ላይ አይብ ጨምሮ መብላት ለለመደ ሰው፣ ታዲያ አይብ ለምን አይሞከርም የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ እኔም መጥቶብኝ ነበር። ነገር ግን አይብ ከአሬራ በሙቀት የሚወጣ፣ በኮምጣጣነት የረጋ ነው፤ ፕሮቲኑን አያይዞ በኋላ በእሳት እንዲለሰልስ የሚያደርገው ካልሲየም በዚያ ኮምጣጣነት ታጥቦ ስለሚሄድ፣ አይብ ውሃውን እየጣለ ይደርቃል እንጂ ፈጽሞ አይቀልጥም። የክትፎ አይብ ከክትፎው ጎን ይቀመጥ፤ ቦታው እዚያ ነው።

ክትፎ ለብለብ የሚወድ ሰው ሌላም ነገር ማወቅ አለበት፤ ጁሲ ሉሲ በለብለብ አይመጣም። የአሜሪካ መንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ የከብት ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ እንዲበስል ይመክራል፤ ሉሲ ደግሞ መሃሏ ቺዝ ስለሆነ፣ ቺዙ እስኪፈላ ድረስ ሲጠበቅ ሥጋው ያለ ምርጫ ይበስላል። እንዳይደርቅ የሚያደርገው ያው ቺዝ ነው።

ከዚያ በሴዳር ጎዳና ወደ ደቡብ ቀጥለን፣ ኖኮሚስ የተባለውን ሐይቅ አቋርጠን 58ኛው መንገድ ላይ ወዳለው ሁለተኛው ተከራካሪ፣ ወደ ፋይቭ ኤይት ክለብ ወረድን። ይህ ቤት ዕድሜው ይበልጣል፤ በ1928፣ አልኮል በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ በድብቅ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ክልከላው በ1933 ሲነሣ በሕጋዊነት ቀጠለ። ዛሬ ሰፊ፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚገባበት፣ ብዙ ዓይነት ምግብ ያለው ቤት ነው። ሉሲውም ምርጫ አለው፦ አሜሪካን ቺዝ፣ ስዊስ፣ ቃሪያ ያለበት ፔፐር ጃክ፣ እንዲሁም ሻጋታ ጠገቡ ብሉ ቺዝ። ሥጋው ከማት ይልቅ ወፍራም ነው፤ ለተራበ ሰው ይኼኛው ይሻላል። እኔ ፔፐር ጃኩን አዝዤ ወደድኩት፤ የአክስቴ ልጅ ግን ምርጫ መብዛቱን እንደ ድክመት ነው የሚያየው፤ «እርግጠኛ የሆነ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይሠራል» ይላል። በዚህ አልስማማም፤ ግን የሽንኩርቱ ነገር ወደ ማት ቤት ልቤን እንደሳበው አልክድም።

በአሳማ ሥጋ ጉዳይ የሚጠነቀቅ አንባቢ፣ በእነዚህ ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ቤከን በዝርዝሩ ላይ ስላለ፣ ቤከን እንዳይጨመር ከመንገር በተጨማሪ በአንድ ምጣድ ይጠበስ እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። ስንጠይቅ ማንም ፊቱን አላጠቆረብንም።

በዚያ ሰሞን ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤትም ገብተን ነበር። ያመጡልን በርገር ሲነከስ ውስጡ ዋሻ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቺዙ በአንድ ጎን ሾልኮ አልቋል፣ ሥጋው ደግሞ እንፋሎቱ ወጥቶለት ደርቋል። ዋጋው ከማት ይበልጣል፣ ሳህኑ ያምራል፣ ዳቦው በቅቤ ተጠብሷል፤ ሉሲ ግን የለችም። የመግጠሙን ነገር ደጋግሜ የማነሣው ለዚህ ነው።

የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግረን ሴንት ፖል ስንገባ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የሴንት ፖል ቤቶች የፈጠርነው እኛ ነን ብለው አይከራከሩም፤ ስለዚህ እንደ ልባቸው ያሻሽሉታል። በሴልቢ ጎዳና በ2008 የተከፈተው ብሉ ዶር ፐብ ብሉሲ የሚለው በርገር አለው፤ ውስጡ ብሉ ቺዝና ነጭ ሽንኩርት ነው። ብሉ ቺዝ ከዚህ በፊት በየትኛውም ምግብ ላይ ወድጄው አላውቅም። እዚህ ግን የሥጋው ጭማቂ ስለታምነቱን አለዝቦት፣ ነጭ ሽንኩርቱም ስለደገፈው፣ ሳላስበው ጨረስኩት። አይፈስም፤ ይልቁንም ሥጋው ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ በጣዕም ከፍ አድርጌ ብመድበውም፣ የሚፈሰውን ቺዝ ፈልጎ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የምልከው ወደዚህ አይደለም።

የምልከው በሃምሊንና በራንዶልፍ መንገዶች መገናኛ አጠገብ ወዳለው ኑክ ወደተባለው ቤት ነው። ጠባብ የሰፈር መጠጥ ቤት ነው፤ ከሥሩ ምድር ቤቱ ውስጥ የቦውሊንግ መጫወቻ አለ፤ ስንበላ ከታች የኳሱ መንኳኳትና የሰዎች ጩኸት ይሰማ ነበር። በ2010 መጨረሻ እሳት ጎድቶት እንደገና ታድሶ ተከፍቷል። አንደኛውን በርገሩን በፔፐር ጃክ ሞልቶ በፖል ሞሊተር ሰይሞታል፤ ሞሊተር በዚሁ ከተማ ተወልዶ፣ ከቤቱ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ2004 በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስሙ የገባ ተጫዋች ነው። እኔ ግን ለማነጻጸር እንዲመቸኝ ተራውን፣ አሜሪካን ቺዝ ያለበትን አዘዝኩ።

ፍርዴ ይህ ነው። ኑክ ይበልጣል። የማት ቺዝ የበለጠ ይፈሳል፣ ታሪኩም፣ የቤቱ አየርም የማት ይበልጣል፤ በኑክ ግን ሥጋው ራሱን ችሎ ይጣፍጣል፤ ዳቦው ጠንከር ያለ ሆኖ የሚፈሰውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ይሸከማል፤ የዳሩ አገጣጠምም ሳይወፍር ጠብቋል። በሌሎቹ ቤቶች ከግማሽ በኋላ በእጄ የቀረው የራሰ ዳቦ ነበር። ሁለተኛ ማት፣ ሦስተኛ በፔፐር ጃኩ ፋይቭ ኤይት፣ ብሉ ዶር ደግሞ ከውድድሩ ውጭ ለብቻው ይቀመጥ።

የአክስቴ ልጅ ይህን አልተቀበለም። ማትን ሁለተኛ ማድረግ እንግዳ የሚሠራው ስሕተት ነው ብሎ፣ የዳቦው ክርክር በርገር የማያውቅ ሰው ክርክር ነው ብሎ፣ በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን መኪናው ላይ ሲጭን እንኳ አልተወኝም። የአውሮፕላኔ ሰዓት ገና ስለነበር፣ ፋይቭ ኤይትም ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ ስላልሆነ፣ «ቢያንስ ሦስተኛውን እንደገና አይተህ ሂድ» ብሎ መሪውን ወደ ሴዳር ጎዳና አዞረው፤ በዚህኛው ጊዜ ያዘዝኩት አሜሪካን ቺዙን ነበር፤ ደረጃውም ባለበት ሦስተኛ ሆኖ ቀረ።