አይሪሽኛ ልትማሩ ከሆነ የጠዋቱን መልስ አስቀድማችሁ ያዙ

ይህንን የምጽፈው በአየርላንድ፣ ጎልዌይ ከተማና አካባቢዋ በአረጋውያን መንከባከቢያ ለሚሠሩ ወገኖቼ ነው። ሥራችን የሚጀምረው ሰው በመቀስቀስ ነው። ከኮኔማራ፣ ከጎልዌይ በስተምዕራብ ካለው አይሪሽኛ ከሚነገርበት ገጠር፣ የመጡ አንዳንድ አረጋውያን ደግሞ የሚነቁት በአይሪሽኛ ነው። ቀን ላይ እንግሊዝኛቸው ደህና ነው፤ ማስታወስ የደከማቸው ግን ጠዋት ጠዋት የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ነው የሚመጣላቸው። እኔ የምንከባከባቸው አንዲት እናት በእንግሊዝኛ እንዴት አደሩ ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። የተማርኩት ለእሳቸው ብዬ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ መክሮኝ ቢሆን ኖሮ ግን ብዙ ምሽትና ገንዘብ ባልባከነ ነበር።

ቃላቱ አያስቸግሩም። ጠዋት «ማጂን» ነው፤ «ኤር ማጂን» በጠዋት፣ «ማጂን ኢንዩ» ዛሬ ጠዋት፣ «ጎ ሞኽ» በማለዳ፣ «ብሪክፋስታ» ቁርስ። በአንድ ምሽት ይጠናሉ። የክፍል ጓደኞቼን ያስጨነቃቸው የጉሮሮ ድምፅ በትግርኛ የምንሰማው «ኸ» ነው። እነሱ «እኔ ረሃብተኛ ነኝ» የሚል አነጋገር ሲፈልጉ አይሪሽኛ «ታ ኦክረስ ኦረም» ይላል፤ ረሃብ በላዬ ላይ አለ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ በኩል ማንም አይቀድመንም።

ያንገበገበኝ ኮርሱ ነው። የተመዘገብኩት ከተማው ውስጥ በሚሰጥ የማታ ትምህርት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። «ማጂን ዋህ» እየተባባልን ሳምንታት አለፉ፤ መልካም ጠዋት ማለት ነው። ከኮኔማራ አረጋውያን ዘንድ አዘውትሬ የምሰማው ግን ጠዋትም ሆነ ማታ «ጂያ ግዊት» ነው፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን እንደ ማለት። መካከል ላይ ያለውን ድምፅ ዓረብ አገር ሠርቶ የመጣ ሰው ከዓረብኛው ፊደል «ጋይን» ያውቀዋል። መልሱ ማርያምን ይጨምራል፦ «ጂያስ ሙይረ ግዊት»። «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን ላደግን ለእኛ ከዚህ የሚቀል ሰላምታ ከየት ይመጣል? ኮርሱ በአንድ መስመር አለፈው። ይባስ ብሎ፣ ሰላምታውን ከአረጋውያኑ እንደሰማሁት በመልመጃ ወረቀት ላይ ስጽፈው በቀይ ተሰረዘብኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው መደበኛ ጽሕፈት «ዲት» ነው የሚለው ተባልኩ። ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ሰዎች ተሳስተው ወረቀቱ ትክክል ሆነ ማለት ነው? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የባሰው የመጣው በቁርስ ሰዓት ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ኮኔማራ ውስጥ ስፒደል አቅራቢያ አንዲት «ባን አ ቲ» ቤት አረፍኩ። ቃሉ የቤት እመቤት ማለት ሲሆን፣ አይሪሽኛ የመግባቢያ ቋንቋ በሆነባቸው የጌልታኽት አካባቢዎች ተማሪ ተቀብለው የሚያሳድሩ ሴቶች የሚጠሩበት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ሻዩን እየቀዱልኝ «አር ኾደል ቱ ጎ ማህ?» አሉኝ። ደህና ተኛህ ወይ ማለታቸው ነው። ጥያቄው ገብቶኛል፤ መልሱ ነው የጠፋኝ። አዎ የሚለውን ቃል በጭንቅላቴ ፈለግኩ። አይሪሽኛ «አዎ» የሚል ቃል የለውም! «አይደለም» የሚልም የለውም። የተጠየቀውን ግሥ መልሶ መናገር ነው፤ «ኾደል» ካልኩ ተኝቻለሁ፣ «ኒር ኾደል» ካልኩ አልተኛሁም። «አን ዊል ቱ ዶ ሂ?» ተነሥተሃል ወይ ከተባልኩ «ታ» ወይም «ኒል» ማለት ይበቃል። ጠዋት የሚነገረው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ላይ ነው። ኮርሱ ቀለማትን፣ የእንስሳትን ስምና የአየር ሁኔታን አስተምሮኝ ይህንን አላስተማረኝም።

ዝም ስል ሴትዮዋ ያልገባኝ መሰላቸው፤ በደግነት ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። እሳቸው አይወቀሱም። አንዴ የተሻገረን ሰው መመለስ ግን እጅግ ከባድ ነው። ማታም፣ በማግሥቱም እንግሊዝኛ ሆነ። በመጨረሻ ነገሩን በግልጽ ሳስረዳቸው ግሥ መመለስን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሱ አስተማሩኝ። ሻዩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ያዝኩት። ይህች ትምህርት ስንት ገንዘብ ከተከፈለበት መጽሐፍ ውስጥ ለምን አልነበረችም?

ስመለስ ለኮርሱ አስተባባሪ ጻፍኩ። ግሥ በመድገም መመለስ በሁለተኛው ደረጃ እንደሚሰጥና ሥርዓተ ትምህርቱ ፈተናውን እንደሚከተል ገለጹልኝ። በ2022ቱ ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አይሪሽኛ እንችላለን ብለዋል፤ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 71,968 ብቻ ናቸው። ከ1937 ጀምሮ በሕገ መንግሥት የአገሪቱ የመጀመሪያ ይፋዊ ቋንቋ የሆነው አይሪሽኛ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ብዙ ነው። በእኔ እምነት አንዱ፣ ተማሪው ለፈተና ተዘጋጅቶ ለቁርስ ጠረጴዛ ሳይዘጋጅ መቅረቱ ነው።

አሁን እኚያን እናት የምቀሰቅሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ነው። እናት ለሚያህል ሰው «ቱ» ማለት መጀመሪያ አሸማቅቆኝ ነበር፤ አንቺ ማለት ነውና። ለአንድ ሰው የሚሆን የአክብሮት «እርስዎ» በዕለት ንግግራቸው የለም፤ አክብሮቱን በድምፅ ማምጣት ይቻላል፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ዝግ ባለ ድምፅ እላለሁ። «ኒር ኾደል» ካሉኝ ሌሊቱን ሕመም አላስተኛቸው ይሆናል ብዬ ለነርሷ እነግራለሁ። ቀድሞ ይህንን ማንም አያውቅም ነበር፤ ጠዋት ላይ አስቸጋሪ ናቸው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

መደበኛውን ቀድማችሁ ተማሩ የሚሏችሁን አትስሙ። የምትንከባከቧቸው ሰዎች ከየት እንደሆኑ ጠይቁና የዚያን አካባቢ አነጋገር ብቻ ያዙ። እንደምን ነህ ለማለት ኮኔማራ «ኬ ኺ ዊል ቱ» ሲል ደቡቡ «ኮነስ ታ ቱ»፣ በሰሜን ያለው ዶኒጎል ደግሞ «ጋጄ ማር ታ ቱ» ይላል፤ ሦስቱን አንድ ላይ መማር ሦስቱንም ማጣት ነው። ጠዋት ስትለባብሱ በ1972 የተቋቋመውን የጌልታኽት ሬዲዮ ክፈቱ፤ ባይገባችሁም ጆሮ ይለምዳል። ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገርባችሁ «አስ ጌልጌ፣ ለ ዶ ሄል» በሉ፤ በአይሪሽኛ፣ እባክዎ ማለት ነው፤ አያፍሩበትም፣ ደስ ይላቸዋል። ኮርስ ልትመዘገቡ ከሄዳችሁም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግሥ መመለስን በስንተኛው ሳምንት እንደሚያስተምሩ ጠይቁ። በሁለተኛው ደረጃ ካሏችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።