«ያዝ!» የምትለዋ ቃል እና የፓይለት ኢንተርቪው

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ የፓይለት ኢንተርቪው ተፈተንኩ፣ ከጭንቅላቴ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው።

ልጅ ሆኜ ፓይለት እሆናለሁ ስል ሰፈር ውስጥ የሚስቅ ነበር፣ እኔ ግን የባሕር ዳሯ ልጅ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆኗን ከሰማሁ ወዲህ ማንም ቢስቅ ግድ አልሰጠኝም። ከእኛ ከጎጃም ወጥታ ከቻለች እኔስ!

ቴክኒካሉን ብዙም አልፈራሁትም ነበር። አንድ አይነት አውሮፕላን በአንድ አይነት ክብደት ከጅቡቲና ከባሕር ዳር ቢነሳ የቱ ጋ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል አሉኝ። ጅቡቲ ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል ግን ከባሕሩ እኩል ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ የበለጠ ስስ ነው፣ ክንፉን የሚያነሳውም ሞተሩ የሚያቃጥለውም አየር ያንሳል፣ ስለዚህ ባሕር ዳር አልኩ። ይሄን እኔ የገባኝ ከመጽሐፍ በፊት ከእናቴ ጓዳ ነው። እኛ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ንፍሮ እስኪበስል ስንቱ እንጨት ያልቃል፣ ቆላ ያለችው አክስቴ ቤት ግን ቶሎ ይበስላል። ምክንያቱ ያው የአየር ግፊቱ ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላኛው ጥያቄ ነው። «ካፒቴኑ ሲሳሳት ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ?»

እኔ ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብዬ፣ ሲያወራ አይኔን መሬት ላይ አድርጌ ነው። አባቴን በህይወቴ «ተሳስተሃል» ብዬው አላውቅም፣ እንደዛ ማለትም የሚቻል አይመስለኝም ነበር። እና ከኢንተርቪው በፊት ከአስተማሪዬ ጋር ስለማመድ «በትህትና እጠይቃቸዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። ዝም ብሎ አየኝና ቴነሪፍ የምትባለው የስፔን ደሴት ላይ የደረሰውን አደጋ ነገረኝ። በፈረንጆቹ 1977 ጉም ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ያለቀበት። አንደኛው ካፒቴን ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ሲጀምር ከኋላው የነበረው የበረራ መሐንዲስ ያኛው አውሮፕላን ገና አልወጣም እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ካፒቴኑ ወጥቷል አለው፣ በዛው ቀጠሉ። ጠየቀ እንጂ አቁም አላለም። ይሄ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዛ ለኢንተርቪው ስሄድ ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ተሳፍረን ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣ አንድ ጥምዝ ላይ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ሹፌራችን ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ረዳቱ ሃያ አመት እንኳ የሚሞላው አይመስልም፣ ሹፌሩ አባቱ ይሆናሉ። ወረደና «ና፣ ና፣ ና» ሲል ቆይቶ ድንገት «ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ለምን ሳይሉ ፍሬኑን ያዙ። ሌላ ጊዜ አንቱ የሚላቸውን ሰውዬ «ያዝ» ነው ያላቸው፣ እሳቸውም አልተቆጡም፣ እሱም ይቅርታ አላለም፣ ምክንያቱም ገደሉን የሚያየው እሱ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ይሄንኑ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ያየሁትን በቁጥር እናገራለሁ፣ ፍጥነታችን ይሄን ያህል ነው፣ ከፍታችን ይሄን ያህል ነው ብዬ። ካልተስተካከለ ምን እናድርግ የሚለውን በግልጽ እላለሁ። ለማረፍ እየወረድን ፍጥነታችንና አወራረዳችን ካልተስተካከለ ግን «ጎ አራውንድ» ነው፣ ማረፉን ትተን እንደገና ወደ ላይ እንነሳ ማለት ነው፣ እሱ የኔ «ያዝ» ነው አልኩ። አንዱ ካፒቴን «ቢቆጣሽስ?» አሉኝ። «መሬት ወርደን ይቆጡኝ» አልኳቸው። ጻፉ የሆነ ነገር።

አሁን ካለፍኩ የሚቀረው ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን አስመስሎ የሚያሳየው ማሽን ላይ መፈተን ነው፣ እና ቤት ሆኜ እንደ «ጎ አራውንድ» ያሉትን ለካፒቴኑ የሚባሉ ጥሪዎች ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ፣ ድምፄ ትንሽ ስለሆነ። ትናንት እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንቺ ልጅ ማንን ነው የምትቆጪው?» አለችኝ። ካፒቴኑን አልኳት። «ትልቅ ሰው ነው?» አዎ ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና «እንግዲያ አንቱ እያልሽ ጩኺበት» ብላኝ ተመልሳ ገባች።