ለሰርግ ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ? እኔ እንዴት እንደወሰንኩ

ጥር ሲቃረብ ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ለሰርግ ፉል ፍሬም ልግዛ ወይስ ክሮፕ ይበቃኛል?» ይሉኛል። ፉል ፍሬም ትልቅ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያለው ካሜራ ነው፤ ክሮፕ ደግሞ ትንሽ ሴንሰር ያለው። እኔ ለዓመታት በክሮፑ ካኖን 80ዲ ሰርግ ስሠራ ቆይቼ ነው ፉል ፍሬሙን 5ዲ ማርክ 4 የገዛሁት። ክሮፑን ግን አልሸጥኩትም። አሁንም ሰርግ በመጣ ቁጥር ሁለቱንም አንግቼ ነው የምወጣው።

ልዩነቱ ከሴንሰሩ መጠን ይጀምራል። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የካኖን ክሮፕ ደግሞ 22 በ15 ገደማ። በስፋት ሲሰላ ትልቁ የትንሹን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ጨለማ ውስጥም ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ነገር እይታው ነው። ክሮፕ ላይ እይታው ይጠባል፤ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 38፣ 50 ደግሞ እንደ 80 ይሆናል።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም) ከፈትኩና ለደንበኞች ያስረከብኳቸውን ፎቶዎች በአይኤስኦና በሌንስ ለየኋቸው። አይኤስኦ ጨለማ ሲሆን የምንጨምረው ቁጥር ነው፤ ሲበዛ ግን ፎቶው ይሻክራል። ይህን ሥራ ማንም ሰው በነጻ ሊሠራው ይችላል። ግዮን ሆቴል ግቢም ሆነ እንጦጦ ፓርክ የተነሱት ከሞላ ጎደል ከ400 በታች ናቸው። እዚያ ብርሃን ላይ የካሜራው ዓይነት ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከ3200 በላይ የሆኑት የተከማቹት ሁለት ቦታ ነው፤ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተክሊሉ ሥርዓት ላይ፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ ጭፈራው ላይ። ለአዳራሹ ሁለት ፍላሽ ጥግና ጥግ ማቆም ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ፍላሽ አላበራም። ያለኝ የጧፍና የጥቂት አምፖሎች ብርሃን ብቻ ነው።

ሌላው የከበደኝ ቦታ የሙሽሪት ቤት ነው። ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ስትል የእናት የአባቷን ጉልበት ትስማለች። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ዘመድ ሞልቶበታል፤ ሚዜዎቹ በሩን ዘግተዋል፤ የቪዲዮ ባለሙያውም ቦታ ይፈልጋል። ጀርባዬን ቡፌው ላይ ለጥፌ በ24 ሳነሳ ክሮፑ ወይ የአባትየውን ፊት ወይ የቬሎውን ጫፍ ይቆርጥብኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ካልገቡ ያ ፎቶ ምን ዋጋ አለው? ለክሮፕ የተሠሩ እንደ 17-50 ያሉ ሌንሶች ይህን ችግር በደንብ ይፈታሉ። ስለዚህ ጠባብ ቤት ብቻውን ፉል ፍሬም ያስገዛል ማለት አይደለም።

ከዚያ ፉል ፍሬሙን ለአንድ ሰርግ ተከራየሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለቱንም ካሜራ በአፐርቸር 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ በሹተር 1/125 (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ በሰከንድ)፣ በአይኤስኦ 6400 አስተካክዬ ከአንድ ቦታ አነሳሁ። ስልክ ላይ ልዩነቱን ማየት ያስቸግራል። አልበም ላይም እምብዛም አይታይም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ትልቅ ፎቶ ሳሳትመው ግን ለየ። በክሮፑ ፎቶ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ላይና በጉንጩ ጥላ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ነበር። የእኛ ሰርግ ነጭ ቬሎ፣ ነጭ ካባና ጠይም ፊት አንድ ፎቶ ላይ የሚገናኙበት ነው። ነጩ እንዳይቃጠል ብርሃኑን ስንቀንስ ፊቱ ይጨልማል፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ፊቱን ስናበራው ኖይዙ (ያ አሸዋ መሳዩ ነጠብጣብ) አብሮ ይወጣል። ፉል ፍሬሙ በ6400 የሰጠኝን ጥራት ክሮፑ የሚሰጠኝ 2500 አካባቢ ላይ ነው። የወሰንኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ከገዛሁ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነግራችሁን ነገር አየሁ። መልስ ላይ ቤተሰብ ሦስት ረድፍ ሠርቶ ሲቆም ፉል ፍሬም በ2.8 አይሠራም። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጥርት ሲሉ ከኋላ የቆሙት ይደበዝዛሉ። ክሮፑ ላይ በ4 የማገኘውን ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ያለ ፎቶ ለማግኘት ፉል ፍሬሙን ወደ 6.3 መዝጋት አለብኝ። አፐርቸሩን ስዘጋ አይኤስኦው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብዙ ብር የከፈልኩበት ብልጫ ይጠፋል። ለቤተሰብ ፎቶ ዋናው ፍላሽ ነው፤ ካሜራውማ የትኛውም ይሁን።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምነግራቸው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ክሮፕ ካላችሁ በቅድሚያ 2.8 ሌንስ ግዙ። ቀጥሎ ሁለት ፍላሽ። ፉል ፍሬሙ ከዚያ ይደርሳል። በደካማ ሌንስ የተገዛ ፉል ፍሬም ጥሩ ሌንስ ያለውን ክሮፕ አይበልጥም። ካኖን ከሆነ ደግሞ ኢኤፍ-ኤስ የተጻፈባቸው፣ ለክሮፕ ብቻ የተሠሩ ሌንሶች 5ዲ ላይ አይገጥሙም፤ ወደፊት ለመቀየር ካሰባችሁ ከአሁኑ ለሁለቱም የሚሆነውን ኢኤፍ ግዙ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነም ዋስትናው እዚህ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ቀድማችሁ አጣሩ።

እኔን ወደ 5ዲው ከሳቡኝ ነገሮች አንዱ ከሴንሰሩ ጋር አይገናኝም። ካሜራው ሁለት ካርድ ይይዛል፤ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። 80ዲው ግን አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው። ሰርግ አይደገምም፤ ካርድ ደግሞ ይበላሻል።

አሁን 24-70 ሌንሴ ፉል ፍሬሙ ላይ ነው፤ የሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጭፈራው የእሱ ነው። 85 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ክሮፑ ላይ ገብቶ እንደ 136 ያገለግለኛል። ካህኑ አክሊሉን ሲደፉላቸው እንደ ልብ መጠጋት ስለማይቻል ከኋላ ቆሜ ፊታቸውን አቀርብበታለሁ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት የሁለቱን ካሜራ ሰዓት እኩል አደርጋለሁ፤ አለዚያ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ማስያዝ ቀን ይፈጃል። ዋይት ባላንሱንም (የቀለሙን ሚዛን) በአንድ ቁጥር አስተካክላለሁ፤ ያው ካባ በአንዱ ነጭ፣ በሌላው ቢጫ ሆኖ አልበሙ ላይ እንዳይገባ።